የሳካሪን ጽሑፍ ግማሹ ቀርቷል

ክቡር አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ሳካሪን፣ ማለትም በስኳር ፈንታ የሚገባው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ፣ ካንሰር ያመጣል የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ከመሬት ተነሥቶ የተጻፈ አይደለም። ግን ታሪኩ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ የቀረው ደግሞ ዋናው ነው።

ነገሩ የአይጥ ነው። በካናዳ በተደረገ ሙከራ ከምግባቸው እስከ 5 በመቶ የሚሆን ሳካሪን የተሰጣቸው ወንድ አይጦች የሽንት ፊኛ ዕጢ ወጣባቸው። ይህን ተከትሎ በ1977 እ.ኤ.አ. ካናዳ ሳካሪንን ከምግብና ከመጠጥ አስወጣች። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም ሊያግደው ተነሣ። የስኳር ሕሙማን ጮኹ። እውነት ነበራቸው፤ ያን ጊዜ በአሜሪካ ገበያ የቀረው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ እሱ ብቻ ነበር። ኮንግረሱ እገዳውን አቆየና ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት አለ። እስከ ዛሬ ከአፍ አፍ የሚዞረው ወሬ ከዚያ ማስጠንቀቂያ የተረፈ ነው።

ምክንያቱ በኋላ ተገኘ። የወንድ አይጥ ሽንት ከእኛ ይለያል። ብዙ ሳካሪን ሲበላ ሽንቱ ውስጥ ደቃቅ ጠጣር ነገር ይፈጠራል። እሱ የፊኛውን ግድግዳ ያቆስላል። ቁስሉ ሲድን፣ መልሶ ሲቆስል፣ በመጨረሻ ዕጢ ይወጣል። ሰው ላይ ይህ አይሆንም። ስለዚህ በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሳካሪንን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩ ነገሮች ዝርዝር ሰረዘችው፤ ማስጠንቀቂያውም በዚያው ዓመት ተነሣ። በ2024 ደግሞ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቀን ቢወሰድ አይጎዳም የሚባለውን መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 ወደ 9 ሚሊግራም ከፍ አደረገው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 540 ሚሊግራም ማለት ነው። ስንት የሳካሪን ኪኒን እንደሚሆን ከማሸጊያው አይቶ ማስላት ይቻላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በእናቴ ምክንያት ነው። ስኳር አለባት። ጽሑፉን ካነበበች ወዲህ ኪኒኑን ጥላ ሻይዋን በስኳር ትጠጣለች። «ከካንሰር ይሻላል» ትላለች። ሻይ ደግሞ እንደምታውቁት በእኛ ቤት በአንድ ማንኪያ ስኳር አይታለፍም። የሚገርመው፣ ጠዋት ጠዋት ጥርሷን የምትቦርሽበት ሳሙና ላይም «ሶዲየም ሳካሪን» ተጽፏል። ብዙ የጥርስ ሳሙና ውስጥ አለ። የመድኃኒት ምሬት ስለሚሸፍንም አንዳንድ የልጆች ሽሮፕ ውስጥ ይገባል።

ማጣፈጫ ይወደስ አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አትጠቀሙበት ብሏል። ለስላሳውን በ«ዜሮ» የቀየረ ሁሉ ከሳ ማለት አይደለም። ዓምዳችሁ ይህን ቢጽፍ ኖሮ ደስ ባለኝ። ግን ያ ምክር ራሱ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፤ መድኃኒትንና የጥርስ ሳሙናንም እንዲሁ።

እርማት የምታወጡ ከሆነ እዚያው የጤና ዓምድ ላይ ይሁን፤ ፊደሉም እንደ መጀመሪያው ጽሑፍ ይጉላ። ጥግ ላይ ከተወሸቀ ማንም አያየውም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ