ራስ አሉላ ዶጋሊ ብቻ አይደሉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የራስ አሉላ እንግዳ ስም በተነሳ ቁጥር ወሬው ዶጋሊ ላይ ይቆማል። በ1879 ዓ.ም. 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች የተደመሰሱበት ድል ነውና አይገርመኝም። ግን ከዚያ በፊት፣ መስከረም 1878 ዓ.ም. በዛሬዋ ኤርትራ ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን የሱዳን መሐዲስት ጦር የመቱትም አባ ነጋ (አሉላ በፈረስ ስማቸው) ናቸው። ይህን ስንቱ ተማሪ ያውቃል?

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የተምቤን ገበሬ ልጅ መሆናቸው ነው። በልጅነታቸው እንጀራ የተሸከሙ ሰርገኞችን መንገድ ላይ አስቁመው «ወደ ራስ አሉላ ግቢ ነው የምንሄደው በሉ» አሏቸው ይባላል። ያ ልጅ እውነትም ራስ ሆነ፤ ዓድዋም ዘመተ። በዓመቱ ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ሲዋጉ ቆስለው አረፉ፤ የተቀበሩትም አባ ገሪማ ገዳም ነው።

እባካችሁ፣ ስለ ኩፊትም ጻፉልን።