የልጅነት ፍቅርም ፊልም ይገባዋል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ቤታችን ሆነን ከ15 ዓመቷ ልጄ ጋር ስዊድናዊው ሮይ አንደርሰን በ1970 እ.ኤ.አ. የሠራውን «የስዊድን የፍቅር ታሪክ» አየን። የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ነው። ፔርና አኒካ ገና ልጆች ናቸው፤ በዓይን ይፈላለጋሉ፣ ያፍራሉ፣ ቃል ለማውጣት ግን አቅም ያጣሉ። እኔም በዚያ ዕድሜዬ አንዲትን ልጅ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ተከትዬ፣ ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ። አንጀቴን የበሉት ግን በራሳቸው ምሬት የተጠመዱት የፔርና የአኒካ ወላጆች ናቸው።

የፊልም ባለሙያዎቻችን ሆይ፣ ሠርጉንና ሀብቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ዕድሜ አሳዩን። ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብተን ከልጆቻችን ጋር እንየው።

ፊልሙ እንዳለቀ ልጄ፣ «አባዬ፣ እማዬን መጀመሪያ ያየሃት የት ነው?» አለችኝ። እራት እስኪቀርብ አወራን።

አንድ አባት፣ ከፒያሳ