አራቱ የት ሄዱ?

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? «ጠፋህ» ከማለትህ በፊት እኔው ልበለው፦ ጠፍቻለሁ። 6 ዓመት ሞላን እኮ! አልተጣላን፣ አልተቀያየምን። «ነገ እደውላለሁ» እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ሲቆይ ደግሞ ሐፍረት መጣ። ያፈረ ሰው ይብሱን ይጠፋል፤ የኔም ነገር እንደዚያው ሆነ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ማን መሰለህ? ያቺ ለመጨረሻ ጊዜ ስታያት ወንበር ይዛ ለመቆም ትፍጨረጨር የነበረችው ልጅ። አሁን 7 ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ወሬዋ ግን ምንም አልጎደለበትም።

ባለፈው እሑድ ሁለታችን ብቻ ወጣን። እውነቱን ልንገርህ? ፈርቼ ነበር። ቤት ውስጥ ሁሌም አብረን ነን፤ ሙሉ ቀን ለብቻችን ሆነን ግን አናውቅም። ምን እናወራለን ብዬ ተጨነቅኩ። ከገዛ ልጄ ጋር! እንደ ቢሮ ሥራ ፕሮግራም አወጣሁ፦ መጀመሪያ የእንስሳት ማቆያው፣ ከዚያ መናፈሻው፣ ከዚያ ሌላ።

ፕሮግራሙ ገና በሩ ላይ ፈረሰ። ጉንዳኖች የሞተ ጥንዚዛ ሲጎትቱ አየችና ቁጢጥ አለች። «ተነሺ፣ አንበሳውን እንይ» ብላት «አንበሳው የትም አይሄድም፤ እነዚህ ግን እየሄዱ ነው» አለችኝ። ምን ትላለህ? አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ጉልበቴ ቋ ሲል ሰምታ በሳቅ ሞተች።

አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቷል። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊተኛ እንደሚችል ነገርኳት። «ልክ እንደ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ቀጭኔዋ ጋ ስንደርስ ግን ቆየን። አንገቷ ውስጥ ስንት አጥንት እንዳለ ጠየቀችኝ። ደግነቱ ይህቺን አውቃት ነበር፦ 7 ብቻ፣ እንደኛው። አላመነችኝም። ቁጥሩ ሳይሆን እያንዳንዱ አጥንት ነው የረዘመው፣ አንዱ ብቻውን ከ25 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል ብዬ አስረዳኋት። «እስቲ ጎንበስ በል» አለችና ሰው እያየን አንገቴን በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

«ሦስት ብቻ ናቸው። አራቱ የት ሄዱ?»

«አሉ፤ ውስጥ ስለሆኑ ነው በጣት የማይገኙት» አልኳት።

አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ እንዳልን ድንገት «አባዬ፣ ጓደኛህ ማነው?» አለችኝ። ሳላስብ ስምህን ጠራሁ። መቼ እንደተጫወትን ጠየቀች። ቆይቷል አልኳት።

«ተጣልታችሁ ነው?»

«አይ፣ አልተጣላንም።»

«ታዲያ?»

ለዚህች «ታዲያ» መልስ አጣሁላት። እሷ እኮ ከጓደኛዋ ጋር ጠዋት ተጣልታ ከሰዓት የምትታረቅ ልጅ ናት። ወሬ ለማስቀየስ ያንን የጫማ ታሪክ ጀመርኩላት። አስታወስከው? ወንዙ አንድ ጫማህን የወሰደው ቀን! «ብቻህንማ አታነክስም» ብዬ የኔንም አንዱን አውልቄ፣ ሁለታችንም እያነከስን ቤት የገባነው። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በሦስተኛው ላይ እኔው ራሴ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ስንመለስ ደክሟት አዘልኳት። ለካ ከብዳለች! ከዚያ በፊት መቼ እንዳዘልኳት ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

ማታ የሣለችውን ከደብዳቤው ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ረጅሟ ቀጭኔዋ ናት። ባለ ሦስት አጥንቱ እኔ ነኝ። አንድ ጫማ ያደረግከው አንተ ነህ። ፊትህ ባዶ የሆነው ረስታው አይደለም። «ጢም አለው?» ስትለኝ «እንጃ» ስላልኳት ነው። እርሳሷን ይዛ መልስህን እየጠበቀች ነው።