የቀን ትኬት ዓሣውን አይገዛም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በእንግሊዝ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን በበጋው ወራት ልጆቻችንን ይዘን ከከተማ ወጣ ማለት የምንችልባቸውን ቦታዎች አስመልክቶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በየገጠሩ የሚገኙት፣ ሰው የቀን ትኬት ቆርጦ ከጠዋት እስከ ማታ ዓሣ ሲያጠምድ የሚውልባቸው ሐይቆች አብረው መጠቀሳቸው አስደስቶኛል፤ እኔም ከቤተሰቤ ጋር የማዘወትራቸው ስፍራዎች ስለሆኑ ወገን ሁሉ እንዲያውቃቸው እወዳለሁ። ሆኖም ጽሑፉ በር ላይ ከፍሎ መግባትና ማጥመድ እንደሚቻል ከመናገር አልፎ ምንም ስላላብራራ፣ እሱን ብቻ አምኖ የሄደ ሰው ቅር ተሰኝቶ፣ ሲከፋም ተቀጥቶ ሊመለስ ይችላል። ይህ በእርግጥ የሚደርስ ነገር መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ የጎደለውን ለማሟላት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ቦታዎቹን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ብዙዎቹ ሐይቆች የተፈጥሮ አይደሉም፤ ለመንገድና ለሕንፃ ሥራ ጠጠርና አሸዋ ከወጣባቸው በኋላ ውሃ የሞላባቸው ጉድጓዶች፣ ወይም ገበሬዎች ከእርሻቸው ጎን ያስቆፈሯቸው ኩሬዎች ናቸው። አንድ ባለቤት አራት አምስት ሐይቅ ጎን ለጎን ይዞ አንዱን ለትልልቅ ካርፕ፣ ሌላውን ለጀማሪና ለልጆች፣ ሌላውን ደግሞ ለውድድር ሊለይ ይችላል። በዳርቻው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው የእንጨት መቀመጫ ቦታዎች አሉ፤ አንዱን የያዘ ሰው የፊቱ ውሃ የእሱ ነው፤ ሌላው ክሩን ወደዚያ አይወረውርም። የሚያዙት ከሳልሞንና ከትራውት ውጪ ያሉት የወንዝና የሐይቅ ዓሣዎች፣ ማለትም ካርፕ፣ ቴንች፣ ብሪም፣ ሮች፣ ፐርችና የመሳሰሉት ናቸው። ዋጋውም በአብዛኛው አንድ ቤተሰብ ሲኒማ ገብቶ ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በፈረቃ ሥራ ሲለፋ ለከረመ ሰው፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከልጆቹ ጋር ውሃ ዳር ተቀምጦ መዋል የሚሰጠውን ዕረፍት እኔ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ባለፈው በጋ ከእነዚህ ሐይቆች በአንዱ፣ አንድ ወገናችን ከሁለት ልጆቹ ጋር ሆኖ ያጠመዳቸውን ሁለት ደህና ደህና ካርፖች በፕላስቲክ ከረጢት ሲከት ጠባቂው ደረሰበት። መግባባት ስላልቻሉ እኔ ተጠራሁ። ሰውየው «እህቴ፣ ለሦስታችንም ከፍዬ ነው የገባሁት፤ በእጄ ያጠመድኩትን ለምን ይከለክለኛል?» አለኝ። በዕድሜ የገፉት ጠባቂ ደግሞ በር ላይ የተተከለውን ሰሌዳ በጣታቸው እያሳዩ፣ ደንቡ ተጽፎ ሳለ እንዴት አላየም ይላሉ። ሰሌዳው በእንግሊዝኛ፣ በፖላንድኛና በሊትዌንኛ የተጻፈ ነው፤ አባትየው ከሦስቱ አንዱንም በወጉ አያነብም። በመጨረሻ ካርፖቹ ወደ ውሃው ተመለሱ። አንደኛው በጎኑ ተንጋሎ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው ጭራውን ማወዛወዝ የጀመረው፤ ልጆቹም ቆመው ይህን ሲያዩ ነበር። አባትየው ዕቃውን ሰብስቦ ቀኑ ሳይጋመስ ሄደ።

ያ ሰው ሌባ አልነበረም። በሐዋሳ አሞራ ገደል ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ዓሣ የሚጠመደው ሊበላ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቀኑን ሙሉ ጠብቆ፣ የያዘውን መልሶ መልቀቅ ማንም ሳያስረዳው በራሱ ሊገባው የሚችል ነገር አይደለም። ጠባቂውም ቢሆኑ አልበደሉትም። የቀን ትኬቱ የሚሰጠው ውሃው ዳር የመዋልና የማጥመድ መብት ነው፤ ዓሣው የባለቤቱ ሀብት ሆኖ ይቀጥላል። አንድ ካርፕ ትልቅ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ባለቤቱም ከእሱ የሚያገኘው ገቢ ከሚታለብ ላም እንደሚገኝ ገቢ ነው፤ ዛሬ አንዱ ይዞ የለቀቀውን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ከፍሎ ይሞክረዋል። እያንዳንዱ ባለትኬት የያዘውን ይዞ ቢሄድ ሐይቁ በአንድ በጋ ባዶ ይቀራል። ጉዳዩ በቦታው ደንብ ብቻ የሚያልቅም አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 የወጣው የስርቆት ሕግ በግል ይዞታ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣን ያለ ፈቃድ መውሰድን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ደንግጎታል። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ለሚጠባበቅ ሰው በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስም ማስፈር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አንባቢዎች መንገር አያስፈልገኝም።

ጽሑፋችሁ ያልጠቀሰው ሌላው ዋና ነገር የመንግሥት ፈቃድ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜው 13 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው በወንዝም ሆነ በሐይቅ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የሐይቁ ባለቤት የሚሸጠው ትኬት ይህን ፈቃድ አይተካም፤ ፈቃዱም ትኬቱን አይተካም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች በነጻ ይሰጣል፤ ነጻ ነው ተብሎ ግን ሳያወጡ መሄድ አይቻልም። ለአዋቂዎች ለ1 ቀን፣ ለ8 ቀናት ወይም ለ12 ወራት የሚያገለግል አለ፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና አካል ጉዳተኞች የ12 ወሩን በቅናሽ ያገኛሉ። ያለ ፈቃድ ሲያጠምድ የተገኘ ሰው እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ፈቃዱን በቀጥታ ከመንግሥት ድረ ገጽ መግዛት ይበጃል፤ መንግሥታዊ መስለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቁ የግል ድረ ገጾች ስላሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ በከንቱ አይቀርም። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በኖቲንግሃምሻየር፣ ካልቨርተን በሚገኘው የዓሣ ማርቢያው የሚያሳድጋቸውን ዓሣዎች በየዓመቱ ወደ ተጎዱ ወንዞች የሚለቀው በዚሁ ገቢ ነው።

በተለይ ለምእመናን የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በወንዞች ላይ ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ፣ ማለትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ድረስ፣ ተዋልደው እንዲበዙ ሲባል ከላይ የዘረዘርኳቸውን ዓሣዎች ማጥመድ የተከለከለ ነው። ይህ ክልከላ የሚጀምረው ዓቢይ ጾም ሳይወጣ ነው፤ በጾም ዓሣ የሚበሉ ወገኖቻችን የዓሣ ፍላጎታቸው በሚጨምርበት በዚያው ሰሞን ማለት ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር ዘንግ ይዞ መውጣት በዚያ ወቅት ሕግ መጣስ ይሆናል። በአብዛኞቹ ሐይቆች ላይ ክልከላው በ1995 ስለተነሣ ዓመቱን ሙሉ ማጥመድ ይቻላል፤ ይሁንና ባለቤቱ ዓሣዎቹ እንቁላል በሚጥሉበት ሰሞን ሐይቁን በራሱ ፈቃድ ሊዘጋው ስለሚችል ደውሎ መጠየቅ አይከፋም። ወቅቱ ሲከፈትም ቢሆን ከወንዝ ወደ ቤት ሊወሰድ የሚችለው በዓይነት፣ በቁጥርና በርዝመት የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ ፓይክ በቀን አንድ ብቻ፣ እሱም ከ65 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠና የውሃው ባለመብት ከፈቀደ ነው። ዓላማው ዓሣ መብላት የሆነ ሰው አማራጭ አላጣም፤ ትኬቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ የያዙትን ይዞ መሄድ የሚፈቀድባቸው የትራውት ሐይቆች አሉ፤ በባሕር ዳርቻ ደግሞ በዘንግ ለማጥመድ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ እዚያም የሚወሰደው ዓሣ ዝቅተኛ ርዝመት እንዳለው ማወቅ ያሻል።

ከወገኖቻችን የምሰማው ጠንካራ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «ለማይበሉት ዓሣ መንጠቆ መጣል ግፍ ነው፤ ፍጥረትን ለጨዋታ ማስጨነቅ ነው» ይላሉ። ይህን ሐሳብ አቃልዬ አላየውም፤ አዛኝ ልብ ያለው ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ዓሣው ምንም አይሰማውም ብዬ ለመከራከርም አልፈልግም። የማውቀው አያያዙ ሁሉን እንደሚወስን ነው። ሴት ልጄ ቴንች በያዘች ቀን አጠገባችን የነበሩት አዛውንት አጥማጅ መጥተው አሳዩዋት፤ መጀመሪያ እጇን ውሃ ውስጥ አስነከሯት፤ ምክንያቱም ደረቅ እጅ የዓሣውን ገላ ከበሽታ የሚጠብቀውን ሙልጭልጭ ሽፋን ይገፍፋል። ዓሣውን በሰፊ መረብ ካወጡት በኋላ ሣሩ ላይ ሳይሆን ውሃ በጠገበ ለስላሳ ፍራሽ ላይ አስተኙት። አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ቅርፊቱ ከመድቀቁ የተነሣ ቆዳ የሚመስል፣ ዓይኑ ግን እንደ በርበሬ የቀላ ዓሣ ነው። መንጠቆው ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የሚይዝ ሹል ስለሌለው በትንሽ ግፊት ወጣ፤ ከዚያም መረቡን ውሃ ውስጥ ዝቅ አድርገው ዓሣው በራሱ ጉልበት እስኪሄድ ጠበቁ። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ የፈጀ አይመስለኝም። ከረጢት ውስጥ ታፍኖ ከቆየው ካርፕ ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

እንዲህ የተያዘ ዓሣ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ይህ አገር የታወቀ ምስክር አለው። በ1952 ሪቻርድ ዎከር የተባለው ስመ ጥር አጥማጅ ሬድማየር ከተባለው የሄርፎርድሻየር ኩሬ 44 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ካርፕ አወጣ፤ በዘመኑ የብሪታንያ ክብረ ወሰን ነበር። ዓሣው ሳይገደል ወደ ለንደን የእንስሳት ማቆያ ተወሰደ፤ ክላሪሳ የሚል ስም ወጥቶለትም እስከ 1971 ድረስ ሕዝብ ሲጎበኘው ኖረ። በሐይቆቹ ላይ ያሉት ደንቦችም ባዕድን ለማስቸገር የወጡ ሳይሆኑ በአብዛኛው ከጉዳት የተወለዱ ናቸው። ማጥመድ ከመጀመር በፊት መረብን ፀረ ተዋስያን በተሞላ ገንዳ መንከር የሚጠየቀው በሽታ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ነው፤ ካርፕን በጅምላ የሚፈጅ የሄርፒስ ዓይነት ቫይረስ አለና። ክር ላይ የሚታሰሩ ትናንሽ የእርሳስ ብረት ክብደቶች የውሃ ወፎችን፣ በተለይም ስዋን የተባሉትን ትልልቅ ነጭ ወፎች እየመረዙ ስለፈጇቸው ከ1987 ጀምሮ በሕግ ታግደዋል። የተበጠሰ ክር ጥሎ መሄድም እንዲሁ የወፍ እግር ያስራል። በብዙ ቦታ ለውዝ ለዓሣ ማባበያ እንዲሆን አይፈቀድም፤ ዳቦና የታሸገ በቆሎ ግን አብዛኞቹ ስለሚቀበሉ ለጀማሪ የሚበቁ ናቸው።

የሐይቆቹ ባለቤቶችም ድርሻ አላቸው። ገንዘብ ተቀብሎ ትኬት የሚሰጥ ሰው፣ ደንበኛው ደንቡን መረዳቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ማረጋገጥ አያቅተውም፤ ከተቻለም ቃል ማንበብ የማያስፈልገው፣ ዓሣ ወደ ውሃ ሲመለስ የሚያሳይ ሥዕል በር ላይ ቢሰቀል ብዙ ጠብ ይቀራል። አንግሊንግ ትረስት የተባለው አገር አቀፍ የአጥማጆች ድርጅት «ቢልዲንግ ብሪጅስ» በሚለው ፕሮግራሙ ከውጭ አገር ለመጡ አጥማጆች ደንቡን በየቋንቋቸው ሲያስረዳ ቆይቷል። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ሰሌዳው ላይ ቋንቋቸው የሰፈረው በብዛት ስለሚሄዱና ስለተደራጁ ይመስለኛል። የእኛ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት በየበጋው ለልጆች ጉዞ ሲያዘጋጁ አንዱን ቀን ለዚህ ቢመድቡ፣ አስቀድመውም ለሐይቁ ባለቤት ቢደውሉ፣ ብዙ ቦታ ዘንግ አከራይቶ፣ አሠልጣኝ መድቦ የሚቀበል ሰው ያገኛሉ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቶች ለበጋ ከመዘጋታቸው በፊት፣ የፈቃዱን አወጣጥ፣ ዓሣ ይዞ የመሄድ ክልከላውንና ወንዞች የሚዘጉበትን ጊዜ የያዘ አጭር መመሪያ በአማርኛ አውጡልን፤ ወላጆች ቆርጠው ይዘውት እንዲሄዱ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ቢሆን ይመረጣል። እኔም በበኩሌ፣ ማንኛውም የሐይቅ ባለቤት የበር ሰሌዳውን በአማርኛ ማስጻፍ ቢፈልግ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ካገኘኝ ያለ ክፍያ ልተረጉምለት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሬዲንግ ከተማ