ልጄ፣ «ሰው ምን ይላል?» ላልሽኝ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ብርዱ ጠናብሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው እሁድ እንደገና ላገባ መሆኑን በስልክ ስነግርሽ ዝም አልሽ። ከዚያ «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ብለሽ ዘጋሽው። አልተቀየምኩሽም። እኔም ስንት ሌሊት ራሴን የጠየቅኩት ነገር ነው። በስልክ መመለስ ስላቃተኝ ብዕር አነሳሁ።

ያን ዕለት ማታ ከፖላንዷ ክራኮው የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ቀዩን ኮፍያሽን አድርገሽ ቆመሻል፤ ከኋላሽ የቫቬል ካቴድራል ይታያል። እዚያ ውስጥ ኤልዥቢዬታ ግራኖፍስካ የምትባል ሴት ዘውድ ጭናለች። ሰላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር አንድም ቀን ስሟን አንስቼ አላውቅም። ሰሞኑን ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለች።

የትልቅ ሰው ልጅ ነበረች። አባቷ የፒልቻው ኦቶ የሳንዶሚየዥ አገረ ገዥ ነበር። እሱ ሲሞት ዋንጹትን የመሰለ ርስት ለእሷ ቀረ። ይኸው ሀብት መከራ ጠራባት። ታሪክ ጸሐፊው ያን ድዉጎሽ እንደሚለው አንድ የሞራቪያ ባላባት ጠለፋት፤ ከዚያ ደግሞ ሌላው ከእሱ ነጥቆ ወሰዳት። ይህን ሳነብ የታየችኝ አያትሽ ናት። በ15 ዓመቷ፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ። እንስራው መንገዱ ላይ ተሰብሮ እንደቀረ እስክትሞት ድረስ ትናገር ነበር። ስለ ሌላው ነገር ግን ትንፍሽ አትልም።

ኋላ ኤልዥቢዬታ ቪንፀንቲ ግራኖፍስኪ የሚባል ባላባት አገባች፤ ልጆችም ወለዱ። እሱም በፈረንጆቹ 1410 ሞተባት።

ከዚያ በኋላ ነው የፖላንዱ ንጉሥ ያጌዎ የመጣው። ግሩንቫልድ ላይ የቴውቶን ባላባቶች የሚባሉትን የጀርመን መነኮሳት ወታደሮች ያሸነፈው ያጌዎ ማለት ነው። ሁለት ሚስቶቹን ቀብሯል፤ ወንድ ልጅ የለውም። መኳንንቱ ወራሽ የምትወልድ ወጣት ልዕልት እንዲያገባ ሲጠብቁ፣ እሱ በ1417 ግንቦት ሳኖክ በምትባል ትንሽ ከተማ አርባዎቹን ያጋመሰችውን ኤልዥቢዬታን አገባ። አገር ተንጫጫ።

ዕድሜዋና ያለፉት ባሎቿ ብቻ አይደሉም ያንጫጫቸው። አንቺ ወዲያው የሚገባሽ ሌላም ነገር አለ። ያጌዎ ከሊትዌንያ መጥቶ በ1386 ሲጠመቅ፣ ክርስትና ያነሳችው የእሷ እናት ነበረች! እንግዲህ የክርስትና እናቱን ልጅ ነው ያገባው፤ በሃይማኖት እህቱ ናት። እኛ ሰፈር ቢሆን ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ለዚህ ጋብቻ ከቤተ ክርስቲያን ልዩ ፈቃድ መምጣት ነበረበት። ይህ ተቃውሞ መሠረት አለው፤ አልክድም።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። በንጉሡ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ስታኒስዋፍ ቾዌክ የሚባል ሰው በእሷ ላይ ስድብ ጻፈ። ንጉሡን አንበሳ፣ እሷን አሮጊት አሳማ አድርጎ። የተጠለፈችን፣ ባሏን ቀብራ ልጆቿን ያሳደገችን ሴት! ያጌዎ ተቆጥቶ አባረረው። ግን ጊዜው ሲያልፍ ሰውየው ተመልሶ ሹመት አገኘ፤ በመጨረሻም የፖዝናን ጳጳስ ሆነ። እሷ ላይ ስድቡ ተለጥፎባት ቀረ። ድዉጎሽም ቢሆን አልራራላትም። እሱ ሠርጉ ሲደረግ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። ከሰው አፍ የሰማውን ነው የጻፈው። «ሰው ምን ይላል?» ያልሽው እኮ ይኸው ነው፤ 600 ዓመት ሙሉ ሲባል ኖረ።

ያጌዎ ግን በሐሜቱ አላፈገፈገም። መኳንንቱ እያጉረመረሙ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ቫቬል ላይ አነገሣት። አብረው የኖሩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1420 የሳንባ በሽታ ወሰዳት።

ሦስት ዓመት ትንሽ ነው ወይ? አባትሽ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በዘጠኙም ዓመት ማታ ማታ ራት የምበላው ቴሌቪዥን ከፍቼ ነው፤ ድምፅ እንዲኖር ብዬ። አባትሽን አልረሳሁም፤ ፎቶው ካለበት ግድግዳ አይነሳም። የማገባው ሰውም ይህን ያውቃል። እንዲያውም ባለፈው ሲመጣ ሚስማሩ ላልቶ ፎቶው አዘንብሎ ስላየ፣ ምንም ሳይል ወንበር ላይ ወጥቶ አስተካከለው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አየሁት። «እሺ» ያልኩት በማግስቱ ነው።

የእኛ ሥርዓት ቀላል ነው። ድንኳን የለ፣ ጥሪ የለ። ያላንቺ ግን አላደርገውም። እስክትመጪ እንጠብቃለን፤ እሱም በዚህ ተስማምቷል።

ፊታችን እሁድ ቡና ሲፈላ እዚህ ነው። ስትደውዪ ስልኩን እሰጠዋለሁ። ሰላም በይው፣ ልጄ።

እናትሽ