በጋሎን ስሌት ስህተት ምክንያት ስለተጋነነ የውሃ ደረሰኝ የቀረበ ቅሬታ

ለውሃ አቅራቢው ድርጅት ሂሳብና ስምሪት ክፍሎች
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ያላግባብ የተከፈለ ሂሳብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ኮምቦልቻ ለሚገኘው የሕንፃ ሥራችን በቦቴ የምታቀርቡልን ውሃ በእያንዳንዱ ምልልስ 13,638 ሊትር ተብሎ ደረሰኝ ይቆረጥበታል። ያንኑ ቦቴ በምድር ሚዛን ስናስመዝነው ግን የተጣራ ክብደቱ 11,320 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ በየምልልሱ ከባለ 200 ሊትር በርሜል 11 የሚሞላ ያልደረሰን ውሃ እየከፈልን ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ የቦቴው ሰሌዳ ራሱ ይናገራል። የታተመበት መጠን 3,000 የአሜሪካ ጋሎን ነው። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ሲሆን የእንግሊዝ ጋሎን ደግሞ 4.546 ሊትር ነው። ሂሳብ ክፍላችሁ ያባዛው በ4.546 ነው። በትክክለኛው ቁጥር ሲባዛ 11,355 ሊትር ይመጣል፤ ይህም ከሚዛኑ ጋር ይገጥማል።

የስምሪት ክፍሉ በቃል የሰጠን ምላሽ «ውሃው በሙቀት ስለሚቀል ነው» የሚል ነው። ይህን አንቀበልም። አንድ ሊትር ውሃ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1,000 ግራም፣ በ25 ዲግሪ 997 ግራም፣ በ30 ዲግሪ 996 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቦቴው በእርግጥ 13,638 ሊትር ይዞ ውሃው 30 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ የሚቀንሰው 60 ኪሎ ያህል ነው እንጂ 2,300 ኪሎ አይደለም።

ሚዛኑም በጥንቃቄ ነው የተወሰደው። ባዶውና ሙሉው የተመዘኑት በአንድ ሚዛን ላይ ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱ በሁለቱም ጊዜ ወርደዋል፤ በመካከል ነዳጅ አልተቀዳም። 300 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 250 ኪሎ ገደማ ስለሚጨምር ይህን መጠበቅ ግድ ነው። ታንከሩ ሥር የቀረ ውሃም ባዶው ከመመዘኑ በፊት ተንጠፍጥፎ ወጥቷል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 180 ሊትር ውሃ ስንመድብ፣ በደረሰኛችሁ መሠረት አንድ ቦቴ ለ75 ሜትር ኩብ ይበቃል። በተግባር የሚበቃው ለ63 ነው። ውሃው ሙሌቱ ሳያልቅ ያልቃል፤ የተሞላው ክፍል መጠንከር ከጀመረ በኋላ የሚጨመረው ኮንክሪት ከቀድሞው ጋር በደንብ አይያያዝም።

ሌላም አለ። ቦቴው ሙሉ ሳይሆን ሲመጣ ሾፌሮቹ የሚለኩበት ዘንግ ከላይ እስከ ታች እኩል የተከፋፈለ ነው። የተጋደመ ክብ ታንከር ግን እስከ ቁመቱ ሩብ ሲሞላ የሚይዘው ከጠቅላላው 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። ዘንጉ 25 በመቶ ብሎ ያስከፍለናል። መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ ደግሞ ንባቡ ጭራሽ አይታመንም።

ስለዚህ፦ የእስካሁኑ ደረሰኝ ሁሉ በ3.785 ተሰልቶ በየሙሉ ምልልሱ የ2,283 ሊትር ልዩነት እንዲመለስልን፤ ዘንጉም ቦቴው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በቆጣሪ 500 ሊትር በተጨመረ ቁጥር ምልክት እየተደረገበት እንደገና እንዲሠራ እንጠይቃለን። ይህ እስኪፈጸም የምንከፍለው በምድር ሚዛን የተጣራ ክብደት፣ አንዱን ኪሎ እንደ አንድ ሊትር ቆጥረን ነው። የሚዛን ወረቀቶቹና የሰሌዳው ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
የግንባታው የጥራት ቁጥጥር ክፍል