የባለሀብቱ ጉዳይም ቁጥር ይሰጠው

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፤

ስለ አሜሪካ ሎቢስቶች፣ ተከፍሏቸው የሕዝብ ተመራጮችን ስለሚወተውቱት ሰዎች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። አጠገቤ የነበረ ሰው በትከሻዬ አጮልቆ አነበበና «እነሱ ጉቦን በሕግ ፈቀዱት በለኛ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ቆረቆረኝ፤ ይችን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ገቢ ደብዳቤ ተቀብሎ ቁጥርና ቀን መስጠት፣ ወጪውን ማኅተም መትቶ መላክ ነበር። ሰው ይንቀዋል እንጂ መዝገብ ቤት ብዙ ያሳያል። በተለይ ምን እንደማይመዘገብ።

አንድ ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ስለ ውኃ ማመልከቻ ይዘው መጡ። የጎንደርን ውኃ ለጎንደር ሰው አላወራም፤ ጀሪካኑ ያውቀዋል። አርባ ምናምን ፊርማ አለበት። ቁጥር ሰጠሁት፣ ፋይል ከፈትኩለት፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» አልኳቸው፤ እነሱም ተመለሱ፣ ደግመውም ተመለሱ፣ አንደኛው ምርኩዝ ይዞ ነበር የሚመጣው። በዚያው ሰሞን አንድ ባለሀብት የመሬት ጉዳይ ይዞ መጣ። እኔ ዘንድ አልደረሰም። ደረጃውን ወጥቶ ቀጥታ ቢሮ ገባ፤ ቡና ታዘዘለት። ሲወጣ አንድ የምክር ቤት አባል እስከ መኪናው ድረስ ሸኘው። ጉዳዩ ወር ሳይሞላ አለቀ።

ጉቦ ሰጠ አልልም፣ አላየሁም። ምናልባት ጥያቄውም ትክክል ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ቁጥር ሲኖረው የእሱ አለመኖሩ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ተነስቶ «በዚያ ሰሞን ማን ምን ጠየቀ?» ቢል መዝገቡ የሚያወጣለት ሽማግሌዎቹን ብቻ ነው።

ወደ አሜሪካኖቹ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ሕግ ተከፍሎት የሕዝብ እንደራሴ የሚወተውት ሰው ይመዘገባል። አሁን በየሦስት ወሩ ማንን ወክሎ፣ በምን ጉዳይ፣ በስንት ገንዘብ እንደሠራ ያሳውቃል። ድምሩ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። የኮንግረስ አባላቱ 535 ናቸው፤ ቢካፈል ለአንድ ሰው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይደርሳል። በእርግጥ ገንዘቡ ኪሳቸው አይገባም፤ የወትዋቾቹ ደመወዝና ወጪ ነው፣ የሚወተወቱትም እነሱ ብቻ አይደሉም። ቢሆንም በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል የአንድ አስተማሪ ድምፅ በየት በኩል አልፎ ይሰማል?

የምርጫው ገንዘብ ደግሞ ለብቻው ነው። ኩባንያ ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ተከልክሏል። ደህና። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎች ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ለቅስቀሳ ያሻቸውን ያህል ያውጡ ብሎ ወሰነ። በሩን ቆልፎ መስኮቱን ወለል አድርጎ እንደ መክፈት ነው። የታችኛው ምክር ቤት አባል በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ ወንበሩ ሳይሞቅለት የሚቀጥለውን ምርጫ ገንዘብ ልመና ይወጣል። ያጎረሰውን እጅ ደግሞ ማን ይነክሳል?

ስለዚህ መዝገብ አላዳናቸውም። ይህን ከመዝገብ ቤት ሰው ስትሰሙ ይግረማችሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። የእኛም መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ወትዋች ቀጥሮ ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. መስከረም ኤችአር 2003 የተባለው፣ ስለ ኢትዮጵያ ዲሞክራሲና ሰብአዊ መብት የቀረበ ረቂቅ ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ሲያልፍ፣ ዲኤልኤ ፓይፐር የሚባል ድርጅት ለመንግሥታችን ተቀጥሮ ረቂቁን በመቃወም ይሟገት ነበር፤ ረቂቁም በላይኛው ምክር ቤት፣ በሴኔት፣ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ከዓመታት በኋላ ኤችአር 128 የተባለ፣ እሱም ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የሆነ የውሳኔ ሐሳብ ሲመጣ ሌላ ድርጅት በወር 150 ሺህ ዶላር ተቀጠረ፤ ያኛው ግን በእኛ ሚያዝያ 2010 በታችኛው ምክር ቤት አለፈ። ይህን ሁሉ በምን አወቅን? ከእነሱ መዝገብ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ሕግ አላቸው፤ ለውጭ መንግሥት የሚሠራ ወኪል ውሉንና ክፍያውን ያስመዘግባል፣ ማንም ያነበዋል። የገዛ ገንዘባችን ለማን እንደተከፈለ የነገረን የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ቡና ላይ ለሳቀው ወዳጄ ይህን ብነግረው ደስ ባለኝ።

እኛ ጎንደሬዎች ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ደጅ ጥናትና እጅ መንሻ ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር የኖሩ ቃላት ናቸው፤ ባለሟሉም የዘመኑ ሎቢስት ነበር ማለት ይቻላል። ሙክት ይዞ ደጅ የሚጠናን ሰው ግን መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ ሙክቱም ዝም አይልም። የዛሬው እጅ መንሻ አይጮኽም፤ በስልክ ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ልማት ገንዘብ በተሰበሰበበት በገበታ ለሸገር አንድ እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ከዚያ ገበታ ለሀገር መጣ፣ ጎርጎራም በእሱ ለማች። ጎርጎራን አልጠላም፤ ጣናን እያዩ መቀመጥን ማን ይጠላል? እራቱም በአደባባይ ነበር፤ ይህን አልክድም። እኔ የምለው፣ ለአንድ እራት ያን ያህል የከፈለ ሰው በማግሥቱ ቢደውል ስልኩን የማያነሳለት ባለሥልጣን አለ ወይ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው ይላል። ሀብት ማስመዝገቢያ አዋጅም አለን፣ ቁጥር 668/2002፤ ተመራጮችንም ይጨምራል። ተመራጩ ቤቱንና መኪናውን ያስመዘግባል። ማን መጥቶ ምን እንደጠየቀው ግን አያስመዘግብም።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከከተማው ምክር ቤት እስከ ፌዴራሉ እያንዳንዱ ተመራጭ ቢሮው ደጃፍ ላይ አንድ መዝገብ ያኑር። ቀን፣ የመጣው ሰው፣ ማንን ወክሎ፣ ስለ ምን ጉዳይ። አራት ዓምድ። ማንም ሰው ገልጦ ይየው። «ሆቴል ይገናኛሉ እንጂ ማን ይጽፋል?» ትሉኝ ይሆናል። ይገናኛሉ፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ ምክር ቤት ሲቀርብ «ይህ ሰው መዝገቡ ላይ የለም፣ እርስዎ ከየት አወቁት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጋዜጠኛ ይኖራል። ዛሬ ለመጠየቅ እንኳ መነሻ የለውም።

እናም አዘጋጅ፣ ስለ አሜሪካ ከጻፋችሁ አይቀር የእኛን ተመራጮች አንድ በአንድ ጠይቁልን፤ መዝገቡን ይከፍታሉ ወይስ አይከፍቱም? የመለሰውንም ያልመለሰውንም አትሙት። እሺ ላለው ለመጀመሪያው ሰው ባለ ጠንካራ ሽፋኑን መዝገብ እኔ እገዛለታለሁ። ዓምዱንም አሰምርለታለሁ፤ ማስመሪያዬ እስካሁን አለ።

ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
አዘዞ፣ ጎንደር